የትሪኒዳድ ሽቦ አጣፊዎች

በካሪቢያኗ ደሴት በትሪኒዳድ ለካርኒቫል የሚለበስ ቅርጽ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከ1783 (እ.ኤ.አ.) የስፔን የሰፈራ ዐዋጅ በኋላ ወደ ደሴቲቱ የገቡት ፈረንሳውያን የእርሻ ባለቤቶች ጭምብል አጥልቀው በየቤታቸው ይደግሱ ነበር። ባርነት በ1838 ጨርሶ ሲቀር ነጻ የወጡት አፍሪካውያን በዓሉን የጎዳና በዓል አደረጉት። በ1881 ፖሊስ ችቦ ይዘው የወጡትን ሰልፈኞች ሊገታ ሲሞክር በፖርት ኦፍ ስፔን ብርቱ ግጭት ተነሣ፤ ጎዳናው ግን የሕዝቡ እንደሆነ ቀጠለ።

ሙያው የሚቀሰመው «ማስ ካምፕ» በሚባለው ግቢ ነው። እያንዳንዱ የሰልፍ ቡድን ከበዓሉ በፊት ባሉት ወራት አልባሳቱን እዚያ ያዘጋጃል፤ ጀማሪውም ከአንጋፋው ጎን ሆኖ እጁን እያየ ይማራል። ሽቦው በፒንሳ ይታጠፋል፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ይጠመጠማል፣ አጽሙ ጨርቅ ይለብሳል። ጭምብሉ ደግሞ ከጭቃ በተበጀ ቅርጽ ላይ በሙጫ የራሰ ወረቀት ደራርቦ በማድረቅ ይሠራል።

1950ዎቹ የሙያው ታላቅ ዘመን ነበሩ። ኬን ሞሪስ መዳብ ቀጥቅጦ ጥሩርና ጌጥ ያወጣ ነበር፤ ሲቶ ቬላስኬዝ በ1959 ፍሬንና አበባን በሽቦ ቀርጾ አሰለፈ። ከሁሉም የጆርጅ ቤይሊ ሥራ ይልቃል። እስከዚያ ድረስ በካርኒቫሉ አፍሪካዊ ሲታይ በአብዛኛው የሣር ሽርጥ የታጠቀ አውሬ መሰል ሰው ነበር። ቤይሊ በ1957 «ወደ አፍሪካ መመለስ» በተባለው ሰልፉ የአፍሪካን ነገሥታትና መኳንንት በሙሉ ክብራቸው አሳየ፤ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ተብሎም ተሸለመ። ሽቦና ጨርቅ የአንድን ሕዝብ ገጽታ ማቅናት እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

አልባሳቱ እየገዘፉ ሲሄዱ ግን ለባሹ በጎማ ላይ የሚሄድ ጌጥ ጎታች ወደመሆን ደረሰ። ይህን የለወጠው በለንደን የቴአትር ንድፍ የተማረው ፒተር ሚንሻል ነው። መምህሩ በደሴቲቱ የቆየው የሌሊት ወፍ ልብስ ሆነ፦ ክንፉ በለባሹ ክንድ ላይ ስለሚታሰር ሕይወት የሚያገኘው ሰውየው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሚንሻል በ1974 ለእህቱ የሠራት ሃሚንግበርድ የተባለችው ትንሽ ወፍ በዚሁ ዘዴ ክንፏን ዘርግታ ጨፈረች። በ1990 ያቀረባቸው ታን ታንና ሳጋ ቦይ የሚባሉ ግዙፍ አሻንጉሊቶችም በተሸካሚዎቻቸው እርምጃ ይራመዱ ነበር። በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ሚንሻል ነው።

ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ቡድኖች በዶቃና በላባ ያጌጠ፣ ብዙ ጊዜም ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ የዋና ልብስ መሰል አልባሳት ስለሚያሰልፉ ሽቦ አጣፊ የሚፈልግ ጥቂት ሆኗል። አርክቴክቷ ቨርኔል ኖኤል የአጣፊዎቹን አሠራር ከእጃቸው አጥንታ፣ ሽቦ እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚጋጠም የሚያሳይ የንድፍ ሕግ አዘጋጅታለች፤ በሁለት አንጋፋ ባለሙያዎች (ከጆርጅ ሌላ በሆነ ቤይሊና በዴሬክ) ስም «ቤይሊ-ዴሬክ ሰዋስው» ይባላል።