ከግብር አዳራሽ እስከ ፒያሳ፦ የጎንደር ጠላ ቤት ታሪክ

ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ አንድ ሁለት እጥፋት ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር በላይ ቀጠን ያለ እንጨት ቆሞ ይታያል። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ማስታወቂያ ማለት ይኸው ነው። ፊደል የለውም፣ ቀለም የለውም፣ መብራትም የለውም። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጣሳው ከወረደ አልቋል፣ ወይም ባለቤቲቱ ለቅሶ ሄዳለች። ማንበብ የማይችለውም የተማረውም እኩል የሚያነበው ጽሑፍ በከተማችን ከዚህ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጣሳ እንድጽፍ ያደረጉኝ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ናቸው። ለታሪክ ትምህርት ስለ ጎንደር አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር፤ እኔም እንደ ጓደኞቼ ሁሉ የፋሲልን ግንብ ይዤ ተቀመጥሁ። እማማ ጌሾ እየወቀጡ፣ «ምን ትጽፋለህ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ግብራቸው አልኋቸው። ዘነዘናውን አቆሙና፣ «እሺ፣ ንጉሡ አበላ አጠጣ። ያን ሁሉ ሰው ያጠጣው ጠላ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በትምህርት ቤት መጽሐፋችን የግንበኛ ነገር በመጠኑ ተነሥቷል፤ የጠማቂ ነገር ግን አንድም ቦታ አላየሁም።

እስቲ ከንጉሡ እንጀምር፤ ከእሱ መጀመር ልማድ ነውና። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1636 ወዲህ፣ ከተማዋ የምትታወቀው በግንብና በግብር ነው። የዐፄ በካፋ ግንብ እስከ ዛሬ ለጎብኚ የሚታይበት ዋናው ነገር ሰፊው የግብር አዳራሹ ነው። ጠጁ ለመኳንንቱ በብርሌ፣ ጠላው ለጭፍራው በዋንጫ ይቀርባል። ማሩ ከየአገሩ በግብር ይመጣል፤ ገብሱም እንዲሁ። ማሩን ወደ ጠጅ፣ ገብሱን ወደ ጠላ የሚለውጡት ግን ከአዳራሹ ጀርባ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ጌሾ ወቃጯ፣ ብቅል አብቃይዋ፣ እንስራ ተሸካሚዋ። ከአዳራሹ የተረፈን ግድግዳው ነው። ከጓዳው የተረፈን ግን ሙያው ነው፤ ዛሬም በየግቢው ይሠራል።

እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በሰላም ጊዜ አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ የሚኖርባት ከተማ ናት ብሎ ጽፏል። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ግብዣ ያወራውን በአገሩ ሲሰሙ ቀጣፊ አሉት። (እኛ ብንሆን ኖሮ ስለ ሎንደን ጢስ ሲያወራ ነበር ቀጣፊ የምንለው።) አሥር ሺህ ቤተሰብ እንግዲህ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ አርባ አራቱ ታቦታት አሉ። ለያንዳንዱ ዓመታዊ በዓል፣ በየወሩ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዝክር፣ የሞተ እንደሆነ ተዝካር። ይህ ሁሉ ያለ ጠላ አይሆንም። እስላም ቤት በሚባለው ሰፈር ደግሞ የማያሰክረው ቀሪቦ አለ። ከተማዋ በየጋኑ ዙሪያ ትኖር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጠላው እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ የአዲስ አበባ ልጆች «ጠላ ምን ጥበብ አለው፣ ውኃና ገብስ አይደል?» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ እንጨት ይታጠናል። የጢሱ ሽታ ኋላ በጠላው ውስጥ ይገኛል። የተወቀጠው ጌሾ ከጥቂት ብቅል ጋር በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ቂጣ ይጋገራል፤ በኛ አገር ብዙ ጊዜ ዳጉሳ ይገባበታል፣ የጎንደር ጠላ ጠቆር የሚለውም ከዚሁና ከገብሱ አቆላል ነው። ቂጣው ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ አሻሮው ይጨመራል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። ከዚህ ሁሉ አንዱ ቢሳሳት ጠላው ይሆመጥጣል። ቴርሞሜትር የለም፣ ሰዓት የለም። እማማ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። «ገና ያወራል» ካሉ አይከፈትም።

ወደ ደጋው፣ ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ ብንወጣ ደግሞ ኮረፌ አለ፤ በቅማንት ዘንድም የታወቀ ነው። ይኼኛው አሠራሩ ይለያል። የተፈተገው ገብስ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር በውኃ ተለውሶ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። እንግዳ ሲመጣ ከድፍድፉ ጥቂት ይወሰዳል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ በማግስቱ ይጠጣል። ለደጋ ሰው ይህ ትልቅ ዘዴ ነው። ውርጭ በሚውልበት አገር ለድንገተኛ እንግዳ በየጊዜው አዲስ መጠንሰስ አይቻልም፤ ድፍድፉ ግን ጓዳ ውስጥ ሁልጊዜ ይጠብቃል። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ብርድ የመታው መንገደኛ አንድ ጣሳ ኮረፌ ሲሰጡት የሚለውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

የነገሥታቱ ጎንደር በ19ኛው መቶ ዓመት ወደቀች። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 አቃጠሏት፤ ድርቡሽ በጥር 1888 ገብቶ የቀረውን አነደደ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1887፣ የአባቷ ወገን ከስሜን የሆነው ጣይቱ ብጡል እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ለቀናት የቆየ ታላቅ ግብር አበልታ ነበር። የሰሜኑ ጓዳ ሙያ ወደ ሸዋ የወረደው በእንዲህ ያለው መንገድ ነው። ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ በገንዘብ የሚበላበትን ሆቴል የከፈተችው ይህችው እቴጌ ናት። ምግብና መጠጥ በግብር ሳይሆን በብር መሆኑ ለመኳንንቱ ነውር መስሎ ታይቶ ነበር ይባላል። ድሀው ግን በየመንደሩ ጠላ በገንዘብ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን አወጣ። ግንቡ አጠገብ ፒያሳው፣ ሲኒማው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ ተሠራ። ላይኛው ለነጭ፣ ታችኛው ለአገሬው ተብሎ በፕላን ተከፈለ። እንግዲህ ዛሬ «ቆንጆ የድሮ ከተማ» እያልን ፎቶ የምንነሣበት ፒያሳ እኛ እንዳንገባበት የተሠራ ነበር ማለት ነው። ማኪያቶ፣ ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ባር፣ ቢራ፣ እነዚህ ቃላት በዚያ በር የገቡ ናቸው። ጎንደርን ከአሥመራ ያገናኘው መንገድ ሊማሊሞን ቆርጦ ወጣ፤ አሥመራ ላይ ሉዊጂ ሜሎቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ቢራ ፋብሪካ አቋቋመ። በታችኛው ከተማ ግን ጣሳው በእንጨቱ ላይ እንደተደፋ ነበር። አርበኛውም፣ ባንዳውም፣ ሰላዩም እዚያ ይጠጣል፤ ጠላ ሻጯ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ታያለች፤ አፏን ግን ትይዛለች።

ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠና የምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት እዚችው ጎንደር ላይ አከተመ ሊባል ይችላል። ሕንጻዎቹ ቀሩ። ስማቸው ተለወጠ፣ ወለላቸው ግን ያው ነው። «ቡና ቤት» የሚለው ስምም ቀረ፤ በእኛ አገር ቡና ቤት ማለት ቢራ የሚሸጥበት ሆነ፤ የገባው ያስረዳን። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪና አስተማሪ መጣ፤ ከአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በጠርሙስ መጣ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ተሰመረ። ደመወዝተኛው ፒያሳ፣ ባለጋሪውና ገበሬው ጠላ ቤት። ተማሪው በወሩ መጀመሪያ ፒያሳ፣ በወሩ መጨረሻ ጠላ ቤት፤ ይህ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ አልልም። ሰዓት እላፊ ነበር፤ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ጎንደር ያየችውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በጠላ ቤት ሦስት ወጣት አንድ ላይ ከተቀመጠ ስብሰባ ነው። ብዙ ጣሳ ያኔ ወረደ።

በ1992 ዓ.ም. ዳሸን ቢራ ተመረቀ። ስሙ ከራስ ዳሸን፣ ፋብሪካው በከተማችን፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ። ድራፍቱ ከምንጩ በጃምቦ ሲቀዳ፣ ልክ ነው፣ ኩራት ነበር፤ ጎንደር የራሷን ቢራ ጠጣች። ቆይቶም የብቅል ፋብሪካ መጣ፤ የደጋው ገብስ ከጋኑ ሌላ ሁለተኛ ደጅ አገኘ። ገበሬው በዚህ ተጠቅሟል፤ መካድ አይገባም። እማማ ግን ገብስ ሲወደድ የሚያሳብቡት በዚሁ ነው። ፋብሪካው የጥረት ድርጅት በመሆኑ ሕዝቡ ከገዥው ፓርቲ ጋር አያይዞ ያየው ነበርና፣ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ሲነሣ «ዳሸን አንጠጣም» የሚል ዘመቻ ተነሣ። አንድ ከተማ በስሙ የሚኮራበትን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ማየት ሲጠላ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ብርጭቆ ፖለቲካ አያውቅም የሚል ካለ ጎንደር ይምጣ።

ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የተቀጣጠለው ግጭት። ጎብኚ ሲቀር የፒያሳና የግንቡ ዙሪያ ምግብ ቤቶች ወንበር ይቆጥራሉ። ጠላ ቤት ጎብኚ ኖሮት አያውቅምና በጎብኚ እጦት አልተዘጋም፤ እሱን ይዘጋው የነበረው የገብስ ዋጋና የምሽት ሰዓት ገደብ ነው። ጠላ የሚጠጣው ሠራተኛ ከሥራ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ቤት መግባት ነበረበት።

በአውሮፓና በአሜሪካ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ በትንሽ ቤት በእጅ የሚጠመቅ ቢራ ትልቅ ነገር ሆኗል። ጠማቂው እንደ ሠዓሊ ይከበራል፤ እህሉ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንጨት እንደታጠነ ይጻፍለታል፤ ጠርሙሱ በውድ ይሸጣል። አዲስ አበባም በራሱ ግቢ ጠምቆ የሚሸጥ ቤት ከታየ ቆየ። ይህን ለእማማ ነገርኋቸው። «በወይራ ያጥናሉ?» አሉኝ። አንዳንዱ ብቅሉን በእንጨት ጢስ ያደርቃል አልኋቸው። «ኧረ! ታዲያ ባንክ ያበድራቸዋል?» አሉ። ያበድራቸዋል። ዝም አሉ። እሳቸው ባላቸውን ፈትተው ከወገራ ሲመጡ የያዙት አንድ ጋንና አንድ ልጅ ነበር። ልጁ ዛሬ ነርስ ነው። በዚያ ጋን ተምሮ ነው ነርስ የሆነው፤ ነገር ግን የትም ወረቀት ላይ ሥራቸው «ሥራ የለም» ተብሎ ነው የተሞላው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ የሞላሁላቸውም እኔው ነኝ፤ «ጠማቂ» የሚል ቦታ አልነበረውም።

በቅርብ ዓመታት የፋሲል ግንብ ታድሷል፤ መንገዱም እየሰፋ፣ እየተዋበ ነው። ጎንደር ይገባታል። በእኛ እጥፋት አጥሮች ላይ ግን አንድ ቀን ጠዋት በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎ አገኘን። መቼ እንደሚፈርስ ጠይቁ፣ አንዱ ይህን ይላል፣ ሌላው ያን ይላል። እማማ አልጮኹም። ትልቁን ጋን ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ከተነሣ ይሰነጠቃል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ከወለሉ ጋር አንድ ሆኗል። ከድፍድፉ በእንስራ ቀድተው አዘዞ እህታቸው ዘንድ ላኩ፤ በባጃጅ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሙሉ በጉልበቴ መካከል ይዤው ሄድሁ፤ ያወራ ነበር።

ሲመሽ ስመለስ ጣሳው እንደተደፋ ነው። ውስጥ ሦስት ግንበኞች ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው ሲሚንቶ ለብሷል፤ የአዲሱን መንገድ ድንጋይ የሚያነጥፉት ናቸው። እማማ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው መጀመሪያ ቀምሰው ቀዱላቸው።