የኮሌጅ ጽሕፈት ትምህርት በዲጂታል መሣሪያዎች

የኮሌጅ ጽሕፈትን በዲጂታል መሣሪያዎችና በማኅበራዊ ሚዲያ ማስተማር የተማሪን ድርሰት በስልክ ወይም በኮምፒውተር የማስጻፍ፣ የማወያየትና የማረም ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ዘዴው በብዛት የሚነሳው ከአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርሶች ጋር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ግቢዎችን ሲያዘጋ፣ ቴሌግራም ለብዙ መምህራን የማስታወሻና የቤት ሥራ መላኪያ ሆኖ አገልግሏል።

በጋሞ ዞን ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ከዞኑ ከተማ ከገረሴ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ጋሞኛን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ነው። በስልክ መልእክት ሲለዋወጥ ደግሞ አማርኛውንም በላቲን ፊደል፣ ያለ ወጥ አጻጻፍ ይጽፋል። ልማዱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥሩ መምህር ያንኑ መልእክት ተማሪው ወደ መደበኛ አንቀጽ እንዲለውጠው ያደርጋል፤ ለጓደኛ የተጻፈው ለማይታወቅ አንባቢ ሲሆን ምን መብራራት እንዳለበት ያኔ ይታያል።

በኢንተርኔት በጋራ የሚታረም ሰነድ የረቂቁን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል፤ ይህን ለውጥ እየተከተሉ ማረም የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ከማረም ይሻላል። ስሕተትን በቡድን ገጽ ላይ ማውጣት ግን ዓይን አፋሩን ተማሪ ዝም ያሰኛል፤ እርማቱ በግል መላክ አለበት። የዳታ ዋጋና የመብራት መቋረጥም ስላለ፣ ሥራውን በወረቀት የሚያቀርብ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።