ከውል ወደ ምክር ቤት፦ የአሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ንግድና ፖለቲካ በምሥራቅ አፍሪካ

በእንግሊዝ የቅኝ አገዛዝ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ሀብት አንድን ሕንዳዊ ነጋዴ እስከ ምክር ቤት ደጃፍ ያደርሰው ነበር፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለው ሥልጣን ግን በሀብት የሚገኝ አልነበረም። የአሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ሕይወት ይህን በጉልህ ያሳያል።

ጂቫንጂ እ.ኤ.አ. በ1856 በካራቺ ተወልዶ በ1890 ገደማ በሞምባሳ ንግድ ጀመረ። ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከሕንድ ሠራተኛ በማምጣትና ስንቅ በማቅረብ ከታላላቆቹ ተቋራጮች አንዱ ሆነ። ሐዲዱ ሐይቁ ዳር በደረሰበት በ1901 «አፍሪካን ስታንዳርድ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ፤ በናይሮቢም ሕንፃዎችን አሠራ። በ1906 ለከተማዪቱ ባበረከተው የአትክልት ሥፍራ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ቆመ።

ሐውልቱ የፖለቲካው መግለጫ ነበር። ጂቫንጂ ሥርዓቱን ሊገለብጥ አልተነሣም። ክርክሩ የነጋዴ ክርክር ነበር፦ ሕንዳውያን ሐዲዱን ሠርተዋል፣ ንግዱን አስፋፍተዋል፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም የዘውዱ ተገዢ መሬት ሊገዙና ሊወከሉ ይገባል። መሣሪያውም አቤቱታና ታማኝነት ነበር፤ ውል የፈጸመ ሰው ዋጋውን እንደሚጠይቅ ሁሉ።

ዘውዱ ግን ውሉን በዚያ መንገድ አላነበበውም። በ1908 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ኤልጂን የደጋው መሬት ለአውሮፓውያን ብቻ እንዲሰጥ የሚለውን አሠራር አጸና። ጂቫንጂ የሕግ አውጪው ምክር ቤት የመጀመሪያው ሕንዳዊ አባል ሆኖ ቢሾምም፣ በነጭ ሠፋሪዎች መካከል የአንድ ሰው ድምፅ ውሳኔ የሚያስለውጥ አልነበረም። በ1910 ለንደን ሄዶ ቅሬታውን በጋዜጣ አሰማ፤ ግዛቱ ወደ ሕንድ ቢጠቃለል እንደሚሻል እስከ መናገርም ደረሰ። ይህም ቢሆን ከዘውዱ ጥላ መውጣት አልነበረም። በ1905 የሸጠው ጋዜጣ ደግሞ ኋላ የሠፋሪዎቹ ልሳን ሆነ።

በ1923 የወጣው የዴቮንሺየር ሰነድ ለሕንዳውያን አምስት መቀመጫ ሰጥቶ ደጋውን እንደ ተዘጋ አቆየው። ይህንኑ ሲያደርግ የአፍሪካውያን ጥቅም ቀዳሚ ነው አለ፤ መሬታቸውን ግን አልመለሰም። ሠፋሪውና ነጋዴው ሲሟገቱበት የነበረው ደጋ ማሳዮችና ኪኩዩዎች የተነቀሉበትን ምድር ይጨምር ነበር። የጂቫንጂ ፖለቲካ ድካምም እዚህ ላይ ነው፦ እኩልነትን የጠየቀው በውሉ ላይ ለፈረሙት ወገኖች ነበርና፣ ሳይጠየቁ መሬታቸው ለውል የቀረበባቸው ሰዎች በሒሳቡ ውስጥ አልገቡም።