የጻፈው፣ ያጻፈውና ያነበበው

በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የጻፈው፣ ገንዘቡን አውጥቶ ያጻፈው፣ የሚያነበውና የሚሰማው በአንድነት እንዲታሰቡ መማጸን የቆየ ልማድ ነው። የቁም ጸሐፊው ድካም ዋጋ ነበረው፤ ብራናውና ቀለሙም እንዲሁ። ቃሉ ግን የማንም ሸቀጥ አልነበረም። ሌላ ደብር ጽሑፉን ማስገልበጥ ቢሻ የሚከፍለው ለሚገለብጠው እጅ ብቻ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ይህ ልማድ ተገለበጠ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ለገበያ የቀረቡ ነበሩ፤ የሠራተኛው እንጀራም ከሽያጩ ይወጣ ነበር። ይህ ነውር አይደለም። ችግሩ ፕሮግራሞቹ ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ማስቀመጣቸው ነው፦ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደሉን ሲያካትት ቁጥሩ የጋራ ሆነ። ፎንቱንና ኪቦርዱን ግን አሁንም አንድ ሰው መሥራት፣ ያም ሰው መብላት ነበረበት።

አንዱ መልስ የመጣው ከዳላስ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያ የሚገኘው ኤስ.አይ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተ፣ በአብዛኛው በልገሳ የሚተዳደር ክርስቲያናዊ የቋንቋ ድርጅት ነው። የቁም ጽሕፈትን ወግ ተከትሎ የተቀረጸው «አቢሲኒካ» ፎንት የእሱ ሥራ ነው። የወጣበትንም ፈቃድ ያረቀቀው ራሱ ድርጅቱ ነው። ፈቃዱ ማንም ፎንቱን እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያካፍለው ይፈቅዳል፤ ብቻውን ነጥሎ መሸጥን ግን ይከለክላል።

የኪማን ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ይህ የኪቦርድ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1993 ለላኦ ቋንቋ ተብሎ የተጀመረ ሲሆን ለዓመታት በዋጋ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. ገዛው፤ ጀማሪው ማርክ ዱርዲንም ድርጅቱን ተቀላቅሎ ሥራውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 10ኛው እትም በነጻ የሚገኝ፣ የምንጭ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነበር። ዋጋው ሲቀር ደመወዙ አልቀረም፤ ከፋዩ ብቻ ከተጠቃሚው ወደ ለጋሹ ተዛወረ። የአማርኛውን ኪቦርድ ያዘጋጀው ደግሞ «ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን» ነው።

ያጻፈ ሰው ግን የሚጻፈውን ይመርጣል። ባለጸጋው የመረጠው መጽሐፍ ይገለበጣል፤ ያልመረጠው ይቀራል። በልገሳ የሚኖር ኮድም እንዲሁ ነው፦ የትኛው ቋንቋ መቼ ይሠራለት የሚለውን የሚወስነው ቦርሳውን የያዘው ነው። ክፍት ኮድ ይህን አያስቀረውም። የሚሰጠው አንድ ዋስትና ነው፤ ለጋሹ ፊቱን ቢያዞር ሌላው ሥራውን ካቆመበት ማንሳት ይችላል።

ያ «ሌላው» ግን በነጻ አይመጣም። በጋርላንድና በሪቻርድሰን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዚያ መሥሪያ ቤት የሚለያቸው የመኪና መንገድ ብቻ ነው፤ በየቀኑም ወደ አገር ቤት በፊደላቸው ይጽፋሉ። አንባቢውና ሰሚው ሞልቷል፤ የሚጽፈውም አልጠፋም። ከአራቱ ባዶ የቆየው የአጻፊው ቦታ ነው።