እግር የሰበሰበው ቃል፦ በተራራማው ኢትዮጵያ የዝግታ ጉዞና የአማርኛ ቃላት ምዝገባ

በአማርኛ ጥናት ታሪክ ሁለት ዓይነት መዝጋቢዎች ይገኛሉ። አንደኛው ካለበት ሳይነሣ የአንድን ተናጋሪ አንደበት ተማምኖ የጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ ወደሚነገርበት ስፍራ በእግሩ ሄዶ የሰማ ነው። የፊተኛው ምሳሌ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ከቶ አላያትም፤ በ1649 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮም ላይ የተዋወቃቸው አባ ጎርጎርዮስ ያካፈሉትን ዕውቀት መሠረት አድርጎ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የኋለኛው ምሳሌ አንቷን ዳባዲ ነው። ይህ ጽሑፍ የዳባዲን ጉዞ መነሻ አድርጎ፣ በተራራማ አገር በዝግታ መጓዝ ለቋንቋ ምዝገባ ያበረከተውንና ሊያበረክት ያልቻለውን ይመረምራል።

ዳባዲ በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአይርላንዳዊት እናት ተወለደ። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በ1836፣ ከኦጉስተን ሻሆ ጋር ስለ ባስክ ቋንቋ ሰዋስው ጽፏል። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገባ፤ በመካከሉ ወደ አውሮፓ ቢመላለስም እስከ 1840ዎቹ መገባደጃ ድረስ በደጋውና በቆላው ሲዘዋወር ኖረ፤ በ1843ም እናርያንና ከፋን ጎበኘ። ከከፍታ ቦታዎች ላይ እየወጣ የሌሎቹን ተራሮች አቅጣጫ በመሣሪያ ይለካ ነበር፤ ይህንንም ስልት «ፈጣን ጂኦዴሲ» ብሎታል። ፈጣን የተባለው መነሻ መስመርን በመሬት ላይ የመለካትን ድካም ስለሚያስቀር ነው እንጂ፣ ሥራው ዓመታት የፈጀ አዝጋሚ ሥራ ነበር። ጉሙ እስኪገለጥ፣ ወንዙ እስኪጎድል፣ የአገሩ ገዥ እስኪፈቅድ መጠበቅ ግድ ነው። ለቋንቋ መዝጋቢ ግን ይህ መጠበቅ የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ሰው የሚነጋገረው በዚያ ሰዓት ነውና። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ፓሪስ ላይ የታተመው በ1881፣ ከአገሩ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው «ብቸኛ መንገደኛ» ማለት ግን የአማርኛው የጉዞ መዝገበ ቃል ራሱ አይፈቅድም። እንግዳው መንገድ መሪ፣ ጫኝና አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ኬላ ላይ የሚያሳልፈው ሰው ያሻዋል፤ ወደ ገዥ ቤት ሲገባ ደግሞ ባልደረባ ይመደብለታል። «ባልደረባ» ዛሬ የሥራ ጓደኛ ማለት ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ግን በባለሥልጣንና በእንግዳ መካከል ቆሞ ጉዳይ የሚያደርስ ሰው ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ያልተቀዳ ቃል በዳባዲ መዝገብ ውስጥ ብዙ ሊሆን አይችልም፤ በርዕስ ገጹ ላይ የሚነበበው ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።

በእውነት ብቻውን የሚጓዘው የቆሎ ተማሪው ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል። የቅኔው ስልት ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ተብሎ በቦታ ስም ይጠራል፤ ድጓ የሚመሰከረው ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ ነው። ከጎጃም ወደ ዋድላ የሚሻገር ተማሪ ዓባይን የመሰለ ገደል ወርዶ ይወጣል። በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የየአገሩን አማርኛ ይሰማል፤ የራሱንም ያሰማል። የአማርኛን ዘዬዎች ታሪክ የሚያጠና ሰው፣ የቃላትን ስርጭት ከገበያና ከጦር ሠራዊት መንገድ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህ የተማሪ መንገድ ጋርም ሊያመሳክር ይገባዋል።

የእግር ጉዞ በቋንቋው መዋቅር ላይም ይታያል። አንዱ ተዳፋት ለሚወጣ ሰው አቀበት፣ ለሚወርድ ሰው ቁልቁለት ነው፤ መሬቱ ሳይለወጥ ስሙን የሚወስነው የሄያጁ አቅጣጫ ነው። «ወዲህ ማዶ» እና «ወዲያ ማዶ» የሚለዩት ተናጋሪው ከሸለቆው በየትኛው ወገን እንደቆመ ሲታወቅ ብቻ ነው። ርቀትም «የግማሽ ቀን መንገድ» እየተባለ በጊዜ ይሰፈራል። እነዚህን ቃላት በቢሮ በሚቀርብ የቃላት ዝርዝር መጠየቅ ይቻላል፤ አጠቃቀማቸውን መፈተን የሚቻለው ግን መንገድ ላይ ነው።

የቦታ ስሞች ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። በሰሜን ተራሮች የአገሩ ሰው ራስ ደጀን የሚለው ከፍተኛ ተራራ በውጭ ካርታዎች ላይ «ራስ ዳሽን» ሆኖ ተጻፈ። ቁመቱ በቀድሞ ካርታዎች 4,620 ሜትር ይባል ነበር፤ በኋላ 4,550 ሜትር ገደማ ተብሎ ታረመ። ቁጥሩ ሲታረም ስሙ አልታረመም፤ እንዲያውም የተዛባው ቅጽ ወደ አማርኛ ተመልሶ የባንክና የቢራ መጠሪያ ሆነ። «ደጀን» ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል የሚል ትርጉም ያለው ሕያው የአማርኛ ቃል ነው፤ «ዳሽን» ግን በአማርኛ ከስምነት ያለፈ ፍቺ የለውም። አንድ የአጻጻፍ ስሕተት የስሙን ምክንያት ከተናጋሪው ጆሮ አራቀው።

ዝግታም ቢሆን ለሁሉ ዋስትና አይሆንም። ዳባዲ የጊቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ በጽኑ ተከራክሯል፤ ጊቤ ግን ኦሞን ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወንዙን እስከ መድረሻው አልተከተለውም ነበር። የመንገደኛ ምስክርነት እግሩ በደረሰበት ልክ የሚመዘን መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ከዚህ ሁለት የአሠራር ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የቦታና የመልክዓ ምድር ስም ሲመዘገብ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው የቆመበት ስፍራና የጉዞው አቅጣጫ አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ መንገድ መሪው ፈቃዱ እስከሆነ ድረስ ስሙ ከቃሉ ጎን ይጻፍ። የመኪና መንገድ በሸለቆው ማዶ ሲያልፍ አሮጌው የእግር መንገድ ሣር ይበቅልበታል፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለው ማረፊያ፣ መሻገሪያና አፋፍ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ያንን ስም የሚያውቁት በዚያ የተመላለሱ አዛውንት ናቸው፤ መዝጋቢውም ከእነርሱ ጋር ሊሄድ የሚችለው እነርሱ ሊሄዱ እስከቻሉ ድረስ ብቻ ነው።