ጥርሱን አይተው፣ ቁጥሩን ሳያነቡ፦ የአንድ «ኤቲ» ጎማ ታሪክ

ትልቅ መኪና የያዘ ሰው ጎማ ሲገዛ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ነገሩ ከጫማ ምርጫ ብዙም አይርቅም። ጎማው ይገላበጣል፤ ጥርሱ በጣት ይለካል፤ ጎኑ በቡጢ ይመታል። ጥርሱ ጠለቅ፣ ትከሻው ፈርጠም ካለ «ጎማ ማለት ይሄ ነው» ይባላል። ሻጩም ቀበል አድርጎ «ኤቲ ነው፤ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን» ይልና ዋጋውን ይጠራል። ጎኑ ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ቁጥሮች ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ገዢ ብዙም አያጋጥምም፤ ካጋጠመም ሰው ሁሉ «ኢንጂነር ነው እንዴ?» በሚል ዓይን ያየዋል።

እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች የታክሲ ሰልፈኞች ነን። ላንድክሩዘርን በቅርብ የምናውቀው በክረምት ጭቃ ሲረጨን ነው። ታዲያ ስለ ጎማ ምን አገባን? ያገባንማ፣ ከእነዚያ ጥቃቅን ቁጥሮች በአንዷ ዙሪያ 271 ሰዎች የሞቱበት ታሪክ ስላለ፣ ያንንም ታሪክ አደባባይ ካወጡት መካከል የሙያ አጋሮቻችን ስለሚገኙበት ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ትንሽ እንበል። ለትልልቅ ባለ ፎር ዊል መኪኖች የሚሠሩ ጎማዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ኤችቲ የሚባለው የአስፋልት ነው፤ ጥርሱ የተጠጋጋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ኤምቲ የጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ፣ አስፋልት ላይ ሲሮጥ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። ኤቲ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ስሙ «ለሁሉም መሬት» ማለት ቢሆንም እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ከዚህም ከዚያም ያስቀንሳል፤ አስፋልት ላይ እንደ ኤችቲ ጸጥ አይልም፣ ጭቃ ውስጥም እንደ ኤምቲ አይቧጥጥም። ልብ ማለት የሚገባው ግን «ኤቲ» የሚለው ስም የሕግ መለኪያ የሌለው መሆኑን ነው። አምራቹ የፈቀደውን ጎማ ኤቲ ብሎ ሊጠራ ይችላል። ስሙ ስለ ጥርሱ መልክ ይነግረናል እንጂ ከጥርሱ ሥር ስላለው፣ ማለትም ስንት ኪሎ እንደሚሸከምና ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል አንዳች አይናገርም።

ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባለውን መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1990 ነበር። ከፒክአፕ የተወለደ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ቤተሰብ ጭኖ ገበያም ገጠርም የሚወጣ መኪና ነው። አሜሪካውያን ወደዱት፤ በ1990ዎቹ በዓይነቱ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ ሆነ። አብዛኛውን ጎማ የሚያቀርበው ፋየርስቶን ነበር። ይህ የሚገርም አይደለም። ሄንሪ ፎርድና ሃርቪ ፋየርስቶን ከ1906 ጀምሮ የሚገበያዩ ወዳጆች ነበሩ፤ በ1947 ደግሞ የአንዱ የልጅ ልጅ የሌላውን የልጅ ልጅ አገባ። ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ቢል ፎርድ፣ ነገሩ ሲፈነዳ የፎርድ ኩባንያ ሊቀመንበር ነበር። ፋየርስቶን በ1988 ለጃፓኑ ብሪጅስቶን ቢሸጥም አሮጌው ዝምድና እንደጸና ነበር። ዘመድ ከዘመድ ጋር ሲነግድ ማን ጠያቂ፣ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል።

ጎማው መጀመሪያ ኤቲኤክስ፣ በኋላ ዊልደርነስ ኤቲ ተባለ። ዊልደርነስ ምድረ በዳ ማለት ነው። ስሙን ለሰማ ሰው አፋርን ከግመል ጋር አቋርጦ የመጣ ጎማ ይመስላል። ቁጥሩን ላነበበ ግን መጠኑ «ፒ 235/75 አር 15» ነው፤ «ፒ» ማለት ደግሞ የተሳፋሪ መኪና ጎማ ማለት ነው። የሙቀት መቋቋሚያ ደረጃው ከኤ፣ ከቢና ከሲ የመጨረሻው፣ ሲ ነበር። ሁለቱም ጎኑ ላይ በግልጽ ተጽፈዋል። ማንም አልደበቃቸውም፤ ጥርሱ ግን ከእነሱ ይልቅ ደምቆ ይታይ ነበር።

የነፋሱ ነገር ከዚህም ይብሳል። ኤክስፕሎረር ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በተደረጉ ሙከራዎች፣ በፍጥነት ሲጠመዘዝ አንድ ጎኑ ከመሬት የመነሳት ጠባይ እንደነበረው በኋላ በፍርድ ቤት የወጡ የኩባንያው ሰነዶች ያሳያሉ። መኪናውን ማስፋት ወይም ዝቅ ማድረግ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። የጎማውን ነፋስ መቀነስ ግን አንድ ቁጥር ቀይሮ በሩ ምሰሶ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ፎርድ 26 ፒኤስአይ ብሎ ለጠፈ። ለስላሳ ጎማ ለተሳፋሪው ምቾትም ይሰጣል። ፋየርስቶን ይህን ቁጥር ለዓመታት እያየ ጎማውን ሲያቀርብ ኖሮ፣ ነገሩ ከፈነዳ በኋላ በ2000 «30 ይሁን» አለ።

ነፋስ መቀነስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪኖች ሲያቋርጥ አሸዋን ካሸነፈባቸው ብልሃቶች አንዱ ይኸው ነበር። የረገበ ጎማ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ አይሰምጥም። ሆኖም አሸዋ ሌላ፣ ቤተሰብና ሻንጣ ጭነው በ120 የሚበሩበት አስፋልት ሌላ። በዚያ ፍጥነት የኤክስፕሎረር ጎማ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ነፋሱ ባነሰ፣ ጭነቱ በከበደ መጠን መታጠፉ ይብሳል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል። ከጥርሱ ሥር ሁለት የብረት ሽቦ መቀነቶች አሉ። ሙቀቱ በእነሱ መካከል ያለውን ጎማ ያደክመዋል፤ ከዳር ትንሽ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጥርሱ ከነመቀነቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይገሸለጣል። ነፋሱ አንዳንዴ እዚያው እንዳለ ነው። ሾፌሩ ይደነግጣል፣ መሪ ይጠመዝዛል፤ ቁመቱ ረጅም የሆነው መኪና ይገለበጣል።

ምልክቱ ቀድሞ የታየው በሙቅ አገሮች ነው። ፎርድ በ1999 በሳዑዲ ዓረቢያና በአጎራባች የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በ2000 ደግሞ በቬኔዝዌላ ጎማዎቹን በራሱ ወጪ መቀየር ጀመረ። በመጋቢት 1999 የተጻፈ የፎርድ ውስጣዊ ማስታወሻ እንደሚያሳየው ፋየርስቶን በሳዑዲው ቅየራ ላይ ቅር ያለው አንዱ ምክንያት፣ ይኸው ጎማ አሜሪካ ውስጥም ስለሚሸጥ ወሬው ለአሜሪካ መንግሥት ይደርሳል የሚል ነበር። ሕጉ በወቅቱ በውጭ አገር የተደረገን ቅየራ ለአሜሪካ ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ አያስገድድም ነበርና አላሳወቁም። ሪያድ ላይ ጎማው ሲወልቅ ቴክሳስ ያለው ገዢ ያንኑ ጎማ በአዲስነቱ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የሚያውቅ አልጠፋም። የስቴት ፋርም መድን ድርጅት አንድ ባልደረባ በ1998 መዝገብ ሲያገላብጥ የእነዚህ ጎማዎች 21 አደጋዎች አገኘና ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ጻፈ፤ ተከታይ እርምጃ አልመጣም። ጠበቆችም ያውቁ ነበር። የሟች ቤተሰብ ሲከስስ ኩባንያዎቹ ካሳ ከፍለው ያስማማሉ፤ የስምምነቱ አንቀጽ ግን «ሰነዱ አይወጣም፣ ነገሩ አይነገርም» ይላል። ካሳው የአንድን ቤት እንባ ያብሳል፤ ምስጢሩ ለሚቀጥለው ቤት ሌላ እንባ ያዘጋጃል። በዚህ መሃል ኬኤችኦዩ የተባለው የሂዩስተን ቴሌቪዥን ጣቢያ ተበታትነው የነበሩትን የፍርድ ቤት መዝገቦች ለቃቅሞ በፌብሩዋሪ 2000 ዘጠኝ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘገባ አቀረበ። ፋየርስቶን ለጣቢያው የቁጣ ደብዳቤ ጻፈ። ተመልካቹ ግን እየደወለ «የእኔም እንዲሁ ሆኗል» ማለት ጀመረ። በሜይ መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ከፈተ። በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከመንገድ ለመሰብሰብ ተገደደ።

ያን ዘገባ ስናስብ ትንሽ እንቀናለን። ተማሪ ሳለን «የምርመራ ጋዜጠኝነት» ሲባል በሌሊት የሚያወራ ምስጢራዊ የመረጃ ምንጭ ነበር የሚታየን። እዚህ ምንጩ የሬጅስትራር መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ መዝገብ ነው።

ቀሪው የዘመዳሞች ጠብ ነው። ፎርድ «ጎማው ነው» አለ፤ ፋየርስቶን «መኪናው ነው» አለ። በሜይ 2001 የፋየርስቶን ኃላፊ ጆን ላምፕ ለፎርዱ ዣክ ናስር ደብዳቤ ጽፎ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋውን ግንኙነት አቋረጠ። ፎርድ በማግሥቱ ተጨማሪ 13 ሚሊዮን ዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎችን እንደሚቀይር አስታወቀ። መሥሪያ ቤቱ በኦክቶበር 2001 በአንዳንዶቹ ጎማዎች አሠራር ላይ ጉድለት እንዳለ ወሰነ፤ ፋየርስቶን በኤክስፕሎረር ላይ ምርመራ እንዲከፈት ያቀረበውን ጥያቄ ግን በፌብሩዋሪ 2002 ውድቅ አደረገ። አለን ክሩገርና አሌክሳንደር ማስ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2004 ባሳተሙት ጥናት ሌላ ገመድ መዘዙ፦ በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የዲኬተር ፋብሪካ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ማቆም አድማ ሲታመስ፣ በዚያ የውጥረት ጊዜ የተመረቱት ጎማዎች ይበልጥ ይበላሹ እንደነበር አሳዩ። ፋብሪካው በዲሴምበር 2001 ተዘጋ።

ለእኛ ሚዛን የሚደፋው ግን ከማንኛቸውም ጥፋት ይልቅ በመካከላቸው የወደቀው ነገር ነው። ጎማ ሠሪው ጎማውን ያውቃል፤ መኪና ሠሪው መኪናውን ያውቃል። ያ ጎማ፣ በዚያ መኪና ሥር፣ በዚያ ነፋስ፣ በዚያ ጭነትና ሙቀት ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ የያዘ ባለቤት አልነበረም። ዛሬ ለትልቅ መኪናው ኤቲ ጎማ የሚመርጥ ሰው ይህን ጥያቄ ለራሱ መጠየቅ አለበት።

ነገሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነው፤ የጎማው መጠንና የነፋሱ ልክ እዚያ አለ። ቀጥሎ ጎማው «ፒ» ነው ወይስ «ኤልቲ»፣ ማለትም የቀላል ጭነት መኪና? ኤልቲ ጎኑ ወፈር ያለ፣ ለድንጋያማ ፒስታ የሚሻል ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፒ የበለጠ ነፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ ፒ አውልቆ ኤልቲ ያሰረ ሰው በሩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ቢከተል ጎማውን አስርቦ ነው የሚነዳው። ጎሚስታው ይህን ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት። ፒ ከሆነ ደግሞ የሙቀት ፊደሉን ፈልጉ። የተመረተበትንም ቀን እዩ፤ ከ2000 ወዲህ በአራት አኃዝ ይጻፋል፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። «3514» ካያችሁ ጥርሱ ቢያብረቀርቅም የ2014 ጎማ ነው፤ በረባሶ ቢሠሩት ይሻላል። ያገለገሉ ትልልቅ መኪኖች ከዱባይ ሲገቡ በኖሩበት አገር ስኮርታውን ጭምር ማየት አይከፋም፤ የበረሃ ፀሐይ ጎማን ሳይሮጥም ያረጀዋል።

መልክዓ ምድራችን የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ብርድ 32 የተሞላ ጎማ ሰመራ ሲወርድ፣ የቆላው አየር ከውጭ ስለሚጫነው፣ ሙቀቱ ባይኖር መለኪያው ላይ ሦስት ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ በታየ ነበር። ሙቀቱ ግን ነፋሱን ስለሚያሳብጠው መውረዱ አይታይም፤ ሾፌሩ ለክቶ «ደህና ነው» ይላል። በዚያ ላይ ፖርቶመጋላው ሙሉ ነው። በቆላ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 መጨረሻ ትሬድ አክት የተባለውን ሕግ አወጣ። በውጭ አገር የሚደረግ ቅየራም ለመሥሪያ ቤቱ እንዲነገር አስገደደ። ዛሬ በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምናያት፣ የጎማ ቁራጭ በመሰለች ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖ የያዘችው ቢጫ መብራትም የዚያ ሕግ ልጅ ናት። ከ2007 መገባደጃ ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ ለሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆነች። በሕጉ መሠረት መብራቷ እንድትበራ የሚጠበቀው ነፋሱ አምራቹ በር ላይ ከለጠፈው ቁጥር በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። በ26 የተነፋ ኤክስፕሎረር ያቺ መብራት ቢኖረውም አትበራለትም ነበር፤ እስከ 20 ገደማ ድረስ።