የመቅደላ አምባ ጉብኝት

መቅደላ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከተንታ አቅራቢያ የሚገኝ ገደላም አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ራሳቸውን የሰዉት እዚህ ነው። ዳገቱ በእግር ስለሚወጣ አገሩን የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል።

ጎብኚ ቀልቡን የሚሰጠው ለሴባስቶፖል ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን ይህን ግዙፍ መድፍ ሠራዊቱ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገደልና በሸለቆ ጎትቶ አምጥቶታል፤ የዚያን ጉልበት ታላቅነት መንገዱን ያየ ሁሉ ይረዳዋል። መድፉ ዛሬም አለ።

የንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ መቃብር እዚሁ ነበር፤ አፅማቸው በኋላ ወደ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተዛውሯል። ወደ ለንደን የተወሰደው ቁንዳላቸው በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ከመቅደላ የተዘረፉት አያሌ የብራና መጻሕፍት ግን አሁንም እንግሊዝ አገር ናቸው።